ቀንን ከሰዓት ለዩልን፦ የጋራ ላይብረሪ ለምትሠሩና ለምታሠሩ ግልጽ ደብዳቤ

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ለምትገኙ የሶፍትዌር ባለሙያዎች፣
በጎጃም መዝገባችሁን ወደ ኮምፒውተር ለምታስገቡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼና ኃላፊዎች፣

ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤትና ለኅብረት ሥራ ማኅበር ፕሮግራሞች የሚያገለግል፣ በስልክም በዊንዶውስ ኮምፒውተርም በድረ ገጽም የሚሠራ አንድ የጋራ ላይብረሪ (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) ልታዘጋጁ መነሳታችሁን ስሰማ ከልብ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ሁላችንም የቀን መቀየሪያውን ኮድ በየራሳችን ስንጽፍ ኖረናል። ደንበጫ ላይ የተመዘገበው ቀን ባሕር ዳር ሲደርስ ሌላ ቀን ሆኖ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥራው በአንድ እጅ መግባቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት አንድ ጉዳይ በደንብ እንዲታሰብበት እለምናለሁ። ቀንና ሰዓት በምን ዳታ ታይፕ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በሚያውቀው በምን የመረጃ ዓይነት፣ ይያዛሉ? ሌላው ነገር ኋላ ሊሻሻል ይችላል። ይህ ግን አንዴ ከተወሰነ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ከተሠሩበትና የሰው መዝገብ ከተቀመጠበት በኋላ፣ ለማስተካከል መዝገቡን አንድ በአንድ ማገላበጥ ይጠይቃል።

የምጠይቀው ይህን ነው። የቀን መቁጠሪያ ቀን አንድ ነገር ነው፤ አንድ ድርጊት የተፈጸመበት ቅጽበት ሌላ ነገር ነው፤ በግድግዳ ሰዓት ላይ የሚነበብ የቀጠሮ ሰዓትም ሌላ ነው። ሦስቱ ሦስት ዓይነት ይሁኑ። በየፕላትፎርሙም (በአንድሮይድም፣ በዊንዶውስም፣ በድረ ገጽም) ስማቸው፣ ትርጉማቸውና የሚጻፉበት መልክ አንድ ይሁን። የአንድሮይዱ ላይብረሪ የጃቫን ዴት፣ የዊንዶውሱ የዶትኔትን ዴትታይም፣ የድረ ገጹ የጃቫስክሪፕትን ዴት እያወጣ "ሁሉም ቀን ነው" ከተባለ፣ የጋራ የምንለው ላይብረሪ የጋራ የሚሆነው በስሙ ብቻ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን አለ እንበል። አዋላጇ በስልኳ ቀኑን ትመርጣለች። ፕሮግራሙ ቀን ብቻ የሚይዝ ዓይነት ስላልተጠቀመ፣ የተመረጠውን ቀን "መስከረም 1፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት" የሚል ቅጽበት ያደርገዋል። ወደ ሰርቨር ሲልከው ወደ ዩቲሲ (የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ይቀይረዋል። እኛ ዩቲሲን በ3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ የመስከረም 1 እኩለ ሌሊት የዋዜማው ምሽት 3 ሰዓት ይሆናል። ሰርቨሩ በበኩሉ ሰዓቱን ቆርጦ ቀኑን ያስቀምጣል። ሕፃኑ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ተወለደ ተብሎ ተጻፈ ማለት ነው። የተሳሳተው አንድ ቀን ነው፤ የተለወጠው ግን ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ዕድሜን በዓመተ ምሕረት ቀንሶ የሚያሰላ ፕሮግራም ካለው፣ ልጁ ገና በልደቱ አንድ ዓመት አርጅቷል። ከዚህም የሚብስ አለ። ስልኩ የተላከለትን ቀን መልሶ እንደገና እንደ እኩለ ሌሊት ካነበበው፣ አንድ ሰው መዝገቡን ከፍቶ የእናቱን ስም አርሞ ባስቀመጠ ቁጥር ልደቱ አንድ ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል።

ይህን ስህተት በሙከራ ጊዜ ማግኘት ከባድ ነው። በአውሮፓ የብርድ ወራት ለንደን ላይ ተቀምጦ የሚሞክር ፕሮግራመር ሰዓቱ ከዩቲሲ ጋር እኩል ስለሆነ ምንም አይታየውም። ባሕር ዳር ያለ ባለሙያም ሰርቨሩንና ስልኩን በአንድ ላፕቶፕ ላይ ከሞከረ፣ ሁለቱም የኛን ሰዓት ስለሚይዙ አይታየውም። ሰርቨሩ ዩቲሲ ወደሚከተል ማሽን ሲዛወር ነው የሚገለጠው፤ ያኔ ደግሞ እውነተኛ መዝገብ ገብቶበታል።

መድኃኒቱ የልደት ቀንን ከሰዓትና ከታይም ዞን ፈጽሞ ማራቅ ነው። ልደት የቀን መቁጠሪያ ቀን ነው። ደጀን ላይም ናይሮቢ ላይም ያው ቀን ነው። የሚይዘው ዓይነት ውስጡ ሰዓት የሚባል ነገር ሊኖረው አይገባም፤ ሊቆረጥ የሚችል ሰዓት ከሌለ የሚያዛባም አይኖርም። ዓይነቱ ደግሞ በእጃችን ነው። ጃቫ በ8ኛው ቨርዥኑ እ.ኤ.አ. በ2014 ሎካል ዴትንና (ቀን ብቻ) ኢንስታንትን (ቅጽበት) ለይቶ አምጥቷል። ዶትኔት በ6ኛው ቨርዥኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ዴት ኦንሊንና (ቀን ብቻ) ታይም ኦንሊን (ሰዓት ብቻ) ጨምሯል። ጃቫስክሪፕት ግን ለረጅም ጊዜ ዴት የሚባል አንድ ዓይነት ብቻ ይዞ ቆይቷል፤ ስሙ ቀን ይበል እንጂ ውስጡ ቅጽበት ነው። እሱ ራሱ ቀን ብቻ የተጻፈበትን ጽሑፍ በዩቲሲ፣ ሰዓት የተጨመረበትን ደግሞ ማሽኑ ባለበት ሰዓት ያነባል። ስለዚህ በድረ ገጹ በኩል ላይብረሪው የራሱን ዓይነት ይሥራ፤ የቋንቋውን ዴት በምንም መንገድ ወደ ውጭ አያሳይ።

ፕላትፎርሞቹ ለምን እንደማይግባቡ ለኃላፊዎች ጭምር ግልጽ እንዲሆን ትንሽ ላብራራ። ዩኒክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ ይህ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጃቫስክሪፕት ከዚያው ቀን ተነሥቶ በሚሊ ሰከንድ ይቆጥራል። ዊንዶውስ የፋይል ሰዓትን ከ1601 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ100 ናኖ ሰከንድ ይሰፍራል፤ የዶትኔት ዴትታይም በዚያው መስፈሪያ ከ1 እ.ኤ.አ. ይነሣል። አፕል ከ2001 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ኤክሴል ከ1900 ወይም ከ1904 ይነሣል፤ ሁለቱ በ1,462 ቀን ይለያያሉ። ኤስኪውላይት የተባለው የመረጃ ማስቀመጫ ደግሞ የቀን ዓይነት ራሱ የለውም፤ ጽሑፍ ወይም ቁጥር ነው የሚያስቀምጠው።

በመዝገባችሁ ውስጥ ጥር 1962 አጋማሽ ላይ የወደቁ ቀኖች ካያችሁ ምክንያቱ ከነዚህ አንዱ ነው፤ በሰከንድ የተቆጠረውን ዘመናችንን አንድ ሰው በሚሊ ሰከንድ አንብቦታል። ልክ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 የሆነ ካያችሁ ባዶ መስክ ዜሮ ተብሎ ተነቧል፤ ወይም ባትሪው ያለቀ ስልክ ሲበራ ሰዓቱ ወደ መነሻው ተመልሷል። ባዶ የሆነ የዶትኔት ዴትታይም ደግሞ 1 እ.ኤ.አ. ላይ ስለሚያርፍና ያም ዓመተ ምሕረት ከመጀመሩ በፊት ስለሆነ፣ ቀን ቀያሪው ኮድ አሉታዊ ዓመት ይሰጣል፤ ካልሆነም ይቆማል። ባዶ መስክ ባዶ ይባል እንጂ ቀን ተደርጎ አይጻፍ።

የመስፈሪያው ልዩነት ሌላም ጣጣ አለው። ከመስመር ውጭ የተመዘገበ ነገር መስመር ሲገኝ ወደ ሰርቨር ይላካል፤ ሰርቨሩም "መቼ ነው የተሻሻለው?" ብሎ ያመሳክራል። ዊንዶውስ ላይ በ100 ናኖ ሰከንድ የተጻፈው ቅጽበት በጃቫስክሪፕት በኩል አልፎ ሲመለስ ከሚሊ ሰከንድ በታች ያለው ተቆርጧል። እኩል መሆን የነበረባቸው ሁለት ቁጥሮች እኩል አይሆኑም፤ ፕሮግራሙም ያልተለወጠውን መዝገብ እንደ አዲስ ደጋግሞ ይልካል። ወረዳ ላይ ባለው ደካማ ኔትወርክ ይህ የገንዘብም የባትሪም ብክነት ነው። በእኔ ግምት ለአስተዳደር መዝገብ ሚሊ ሰከንድ ከበቂ በላይ ነው። ዋናው ግን የትኛውም ተመረጠ፣ ሁሉም ፕላትፎርም ገና ሲጽፍ በዚያው ልክ እንዲቆርጥ መደረጉ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን አቆጣጠር ልምጣ፤ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ነውና።

ብዙ ፕሮግራሞች የኢትዮጵያን ቀን በፈረንጅ የቀን ዓይነት ውስጥ እንዳለ ይከትቱታል። ዓመቱ 2017፣ ወሩ 2፣ ቀኑ 15 ይሉና ጥቅምት 15 ነው ብለው ያስቀምጣሉ። ይህ ለአብዛኛው ዓመት ያለ ችግር ስለሚሠራ ሰውን ያታልላል። ጥቅምት 30 ሲደርስ ግን ዓይነቱ አልቀበልም ይላል፤ ለእሱ 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፣ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን የለውም። ጥቅምት 29ም በአብዛኛው ዓመት አይገባም። ጳጉሜን ከነጭራሹ መግቢያ የለውም፤ 13ኛ ወር የለምና። ታዲያ ጸሐፊዋ ምን ታድርግ? መዝገቡ እንዲያልፍላት ጥቅምት 28 ትላለች፤ የጳጉሜኑን ደግሞ ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ትለዋለች። ስህተቱ ከኮዱ ወጥቶ በሰው እጅ መዝገብ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛው እውነት የትኛው የተፈጠረ እንደሆነ የሚለይ የለም።

ሌላው ዓመቱ ነው። "2018-01-05" የሚል ጽሑፍ አንድ ፋይል ውስጥ ብታገኙ ምን ትላላችሁ? መስከረም 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ከሆነ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው። የፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ጃንዋሪ 5 ቀን 2018 ነው። ሁለቱም ሊታመን የሚችል ቀን ነው፤ በመካከላቸው ግን ከ7 ዓመት ተኩል በላይ አለ። የትኛውም ኮምፒውተር ይህን አይቶ ሊለይ አይችልም። ስለዚህ ላይብረሪው የቀን ዓይነቱን በውስጥ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ያድርገው፤ ከአንድ ከታወቀ ዕለት ጀምሮ ያለፉትን ቀናት የሚቆጥር ሙሉ ቁጥር ቢሆን እመርጣለሁ። በፋይልና በኔትወርክ ሲያልፍ ደግሞ ቀኑ ሁልጊዜ በዓለም አቀፉ መልክ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ። ዓመተ ምሕረት ሰው በሚያይበትና በሚጽፍበት በስክሪኑና በወረቀቱ ላይ ይሁን። የኢትዮጵያ ቀን እንደ ጽሑፍ ወደ ፋይል መውጣት ግድ ካለበት፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር ምልክት ሳይኖረው አይውጣ።

ይህን ስል "የራሳችንን አቆጣጠር ከሥር አውጥታችሁ ለጌጥ አስቀሩት" እያልኩ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም የኛ ሊቃውንት የሚሠሩት እንዲህ ነው። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ነው፤ ከመካከላችሁ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ የተማረ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ባሕረ ሐሳብ የሚነሣው ከአንድ ቆጠራ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርና ዓመተ ዓለሙ ይገኛል፤ ለ2018 ዓ.ም. 7518 ነው። በ19 ሲገደፍ (ሲካፈል) 13 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12 ይወጣል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይወጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሞሉ መሪጌታው ስሌቱን ይደግመዋል። ቀናቸው በየዓመቱ የሚለዋወጠው አጽዋማትና በዓላት ከዚያው ይወጣሉ። አንድ መነሻ፣ ከእሱ የሚሰላ ብዙ መልክ፣ ስህተትን የሚያጋልጥ ማመሳከሪያ። ከላይብረሪው የምፈልገው ይህንኑ ነው።

ቀኑን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ወደ ቁጥር መቀየሩም ቢሆን ቀላል ነው። ዓመቱን በ365 ማባዛት፣ ለ4 ሲካፈል ቀሪው ተጥሎ የሚገኘውን መደመር፣ ያለፉትን ወራት በ30 አባዝቶ መደመር፣ ቀኑን መጨመር፣ በመጨረሻም አንድ ቋሚ ቁጥር መቀነስ ነው። ይህን ለፕላትፎርሙ አትተዉት። አይሲዩ የተባለው የቋንቋና የቀን መቁጠሪያ ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ አፕልም አለው። ዶትኔት ግን ከራሱ ጋር ከሚያመጣቸው የቀን መቁጠሪያዎች መካከል የኛ የለበትም፤ በጃቫ መደበኛ የጊዜ ላይብረሪም የለም። ግማሹ ከፕላትፎርሙ፣ ግማሹ ከራሳችን ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ጥግ ጥጉ ላይ መውጣቱ አይቀርም። አንድ ስሌት በሁሉም ቦታ ይጻፍ።

ስሌቱ ሲጻፍ "መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው" ብሎ መነሣት አይቻልም። 2015 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነና የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። 2019ም ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ 2020 እንደዚያው ይገባል። ከዛሬ ተነሥቶ በቋሚ ልዩነት ወደ ኋላ መሄድም አያዋጣም። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ በዓሉን የምናከብርበት ቀን ማርች 2 ላይ ስለሚውል ብዙ ፕሮግራም የጦርነቱንም ቀን ማርች 2 ቀን 1896 ይለዋል። ጦርነቱ የተደረገው ግን ማርች 1 ነው። ፈረንጆቹ 1900ን ሠግር (አንድ ቀን የሚጨመርበት ዓመት) ስላላደረጉት ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በአንድ ቀን ሰፍቷል፤ 2100 ላይም እንደገና ይሰፋል።

ወር መደመርን በተመለከተ አንድ ጥብቅ አደራ አለኝ። የ6 ሳምንት ክትባት 42 ቀን ነው፤ በየትኛውም አቆጣጠር 42 ቀን 42 ቀን ነው። የኩፍኝ የመጀመሪያ ክትባት ግን በ9 ወር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 የተወለደ ሕፃን 9 ወር የሚሞላው መቼ ነው? ወር 30 ቀን ነው ያለው ኮድ መስከረም 5 ይላል። በፈረንጅ ወር የቆጠረው መስከረም 9 ይላል። ጳጉሜንን ዘልሎ በኛ ወር የቆጠረው መስከረም 10 ይላል። 4 ሲደመር 9 ብሎ 13 ያገኘው ደግሞ ጳጉሜን 10 ላይ ይደርሳል፤ እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ወደ ጳጉሜን 5 ይጎትተዋል። አራት መልስ፣ አንድ ልጅ። ስልኩ ላይ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አንዱን፣ ጤና ጣቢያው ሌላውን ካየ እናትየው በከንቱ ተመላለሰች ማለት ነው። ስለዚህ "ወር ደምር" የሚል እርቃኑን የቆመ ፈንክሽን በላይብረሪው ውስጥ አይኑር። የማን ወር እንደሆነ፣ ጳጉሜን እንዴት እንደሚቆጠር በስሙ ላይ ይነገር። ለክትባት የትኛው ይሁን የሚለውን የጤና ባለሙያዎች ይወስኑ እንጂ ፕሮግራመር ሳያውቀው አይወስን።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ከደብረ ኤልያስ በኩል የመጡ አንዲት እናት አግኝቼ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት በስልካቸው የደረሳቸው መልእክት ቀጠሮዎ 9:00 ነው ይላል። ልጃቸው አንብቦ 9 ሰዓት ነው አላቸውና ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ደረሱ። የተቀጠሩት ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ኖሯል። ያነበበው ልጅም የላከው ሠራተኛም አልተሳሳተም። ፕሮግራሙ ውስጡ ያለውን ቁጥር ለሰው እንዳለ አሳየ። የሰዓት ዓይነቱ በውስጥ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ያለፉትን ደቂቃዎች ይያዝ፤ ለሰው ሲወጣ ግን "ከጠዋቱ 3 ሰዓት" ተብሎ በቃል ይጻፍ። ቁጥር ብቻውን ለባለጉዳይ አይላክ። የመናኸሪያው አውቶቡስ በንጋቱ 11 ሰዓት እንደሚነሣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ንጋት የሚለው ቃል ስላለበት ነው።

ሌሊት የሆነ ነገር ደግሞ ለብቻው ይታሰብበት። እናት "የሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ወለድኩ" ስትል፣ ለእሷ ሌሊቱ የሰኞ ተከታይ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏልና ማክሰኞ ነው። ፎርሙ ሰዓትና ቀን ለየብቻ ጠይቆ ዝም ብሎ ካገጣጠማቸው ልደቱ በአንድ ሙሉ ቀን ይቀድማል። ላይብረሪው ቀኑ በስንት ሰዓት እንደሚለወጥ በሰነዱ በግልጽ ይናገር፤ የሌሊት ሰዓት ሲገባም ፎርሙ "ለማክሰኞ አጥቢያ?" ብሎ መጠየቅ የሚችልበትን መንገድ ይስጥ።

ታይም ዞንን በሚመለከት ብዙዎቻችን "እኛ ሰዓት አንቀይርም፣ 3 ሰዓት መደመር ነው፣ አለቀ" እንላለን። ለዛሬ እውነት ነው። ነገር ግን በዓለም አቀፉ የታይም ዞን ዳታቤዝ የአዲስ አበባ ስም የተያያዘው ከናይሮቢ ጋር ነው፤ ከኦገስት 1 ቀን 1942 እ.ኤ.አ. በፊት፣ ማለትም ከሐምሌ 25 ቀን 1934 ዓ.ም. በፊት፣ ናይሮቢ ከዩቲሲ የምትቀድመው በ2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነበር። ስለዚህ በ1930 ዓ.ም. የተወለዱ አዛውንት ልደት በአንድ ማሽን 3 ሰዓት ተደምሮ፣ በሌላው በዞኑ ስም ተሰልቶ ሲነበብ በ15 ደቂቃ ይለያያል፤ እኩለ ሌሊት የነበረው የዋዜማው ሌሊት 5 ሰዓት ከ45 ይሆናል፤ ቀኑም ይጠፋል። የጡረታና የውርስ ጉዳይ ያለባቸው እነዚሁ አዛውንት ናቸው። ቀንን ከታይም ዞን አርቁ ያልኩት አንዱ ለዚህ ነው።

የልደት ቀናቸውን በትክክል የማያውቁ ሰዎችም ብዙ ናቸው። "ዓመቱ 1952 ነው፣ ክረምት ነበር" ይላሉ። ፎርሙ ግን ሙሉ ቀን ካልሰጡኝ አላልፍም ሲል መስከረም 1 ወይም ጃንዋሪ 1 ይሞላል። በኋላ ይህ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል። ዓመት ብቻ፣ ወይም ዓመትና ወር ብቻ የሚይዝ ዓይነት ይኑር፤ ያልታወቀው ያልታወቀ ሆኖ ይቀመጥ።

ሁሉም ፕላትፎርም አንድ የጋራ የሙከራ ፋይል ያንብብ፤ በዚያ ያላለፈ ቨርዥን አይውጣ። ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ጥቅምት 30፣ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ጋር፣ ማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ከሴፕቴምበር 12 ጋር፣ እንዲሁም መስከረም 1 ቀን 2018 በሰርቨርና በስልክ መካከል ደርሶ ሲመለስ ይኑሩበት። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.ም አይቅር። በ32 ቢት ሰከንድ የሚቆጥሩ አሮጌ ሲስተሞች ቁጥራቸው የሚሞላው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. በዩቲሲ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። በኛ የጥምቀት ዕለት ጠዋት 12 ሰዓት ከ14 መሆኑ ነው፤ ታቦታቱ ባሕረ ጥምቀት አድረው ሕዝቡ ጸበል የሚረጭበት ሰዓት። ዛሬ የሚወለዱት ልጆች ያኔ ተማሪዎች ናቸው፤ ዛሬ የሚጻፈው ቁጥርም በ64 ቢት ይጻፍ።

ለኃላፊዎች የምለው አጭር ነው። ፕሮግራም ስትረከቡ ጳጉሜን 5 እና ጥቅምት 30 ላይ የተወለዱ ሁለት ሰዎችን ፊታችሁ እንዲመዘግቡላችሁ ጠይቁ፤ መዝገቡን ዘግታችሁ በሌላ መሣሪያ ክፈቱት። የድሮውን መዝገብ ስታዛውሩ በወረቀቱ ላይ ያለው ቀን እንደተጻፈ በራሱ መስክ ይቀመጥ፤ የተቀየረው ከጎኑ ይሁን እንጂ አይተካው። በውላችሁም ላይ ይህ ይጻፍ፤ በኋላ በቃል የተባለ ነገር አይገኝም።

ባለሙያዎች ሆይ፣ ከላይ የጠቀስኳቸውን ቀኖችና ሌሎች ብዙ የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ጥንዶችን የያዘ የሙከራ ፋይል አዘጋጅቻለሁ። በጃቫም በዶትኔትም በጃቫስክሪፕትም ሊነበብ የሚችል ተራ ጽሑፍ ነው፤ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ውሰዱት። የዓይነቶቹን ስምና ትርጉም የምትወስኑበት ስብሰባ ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ መጥቼ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ። የምለምነው ስብሰባው የመጀመሪያው ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት እንዲሆን፣ ከጤና ጣቢያና ከትምህርት ቤት መዝገብ የሚጽፉ ሰዎችም እንዲጠሩበት ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ
ደብረ ማርቆስ